የሌለው ሻምበል ሚስት

የሻሽወርቅ ለክፋት ዋሽታ አታውቅም። የምትዋሸው ለካውያው ስትል ነበር። የጋለ የብረት ማበጠሪያ ጆሮ ግንድ ሥር ሲደርስ ሴት ሁሉ ትሸማቀቃለች። የተሸማቀቀች ትቃጠላለች። ወሬ የያዛት ሴት ግን ጆሮዋን ቆርጠው ቢወስዱባት እንኳ የምታውቀው ቤቷ ገብታ ጉትቻ ስታወልቅ ነው። ስለዚህ የሻሽወርቅ ካውያዋን በእጇ፣ በሬ ወለደዋን በምላሷ ይዛ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንዲት ሴት ጆሮ ሳታቃጥል ኖረች።

"አንዷን የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሠርቻት ሮም ሄደች" ትላለች ካውያውን እፍ እያለች። "ቀይ ባሕር ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ተገልብጦ በጀርባው መብረር ጀመረ። ሻንጣው ወደቀ፣ ሰዉ ወደቀ፣ ነጂው ራሱ መሪውን ለቆ ጣሪያው ላይ ተቀመጠ። የእሷ ፀጉር ግን አንዲት ዘለላ ንቅንቅ አላለችም። በኋላማ ሰዉ የተረፈው እሱን ጨብጦ ነው።"

ወይም የገርጂውን ጅብ ታመጣለች። ገርጂ ያኔ ጤፍና ጅብ እንጂ ሌላ የማይበቅልበት አገር ነበር። "ሙሽራ ሠርቼ ሸኘሁ። ጅብ መንገድ ዘጋባት። ሊበላት አፉን ከፍቶ ሳለ ፀጉሯን አየና አፈረ። የራሱን ጋማ በእግሩ እየዳበሰ ገለል አለላት። በነጋታው እኮ እዚሁ በራፍ ላይ ቆሞ አገኘነው። ውሸት ነው፣ ጋሽ ገብረየስ?"

ዘበኛው ጋሽ ገብረየስ ከደጅ ሆነው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ "ቀጠሮ የለህም ብዬ መለስኩት" ይላሉ።

ቤቱ ሐር የሴቶች ፀጉር ቤት ይባላል። ሐር አንድ ቤት ብቻ አልነበረም። አንዱ ፒያሳ፣ አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ቦሌ ሆኖ ሦስቱም የአንዲት ሴት፣ የእትዬ ኣብርሀት ንብረት ነበሩ። በእያንዳንዱ ቤት አምስት አምስት ሰው ይሠራበታል። የቦሌዎቹ ካውያ የምትይዘው የሻሽወርቅ፣ ፀጉር አጥባ በቢጎዲን የምትጠቀልለው ፈለቀች፣ ሹሩባና ጥፍር የምትሠራው ሸሪፋ፣ ውሃ የሚያፈሉትና ወለል የሚጠርጉት እማማ ወርቅዬ፣ አምስተኛው ጅብ የመለሱት ጋሽ ገብረየስ ናቸው።

የቤቱ ኩራት ግን ካስኮቹ ነበሩ። ሦስት ናቸው። ራስ ላይ እንደ ድስት ተደፍተው፣ ትኩስ አየር እያጓሩ ፀጉር ያደርቃሉ። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት የራሷን ድምፅ አትሰማም። ስለማትሰማም ትጮኻለች። ያንሾካሾከች እየመሰላት የባሏን ውሽማ፣ የአማቷን ክፋት፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩን የካልሲ ሽታ ለመንገደኛው ሁሉ ታውጃለች። ሦስት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሦስት ዓይነት ጉድ ይጮኻሉ፤ እርስ በርሳቸው አይደማመጡም፣ ቤቱ ግን ሁሉንም ይሰማል። ከካዛንቺስና ከኮተቤ ድረስ ደንበኛ የሚመጣው ለፀጉር ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰው በገዛ ማጀቱ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚያወራው። አፍን ሞልቶ የሚናገሩበት ቦታ የቀረው ካስክ ሥር ነበር። ደግሞ ማንም አይፈራም። "እዚህ የተሰማ ከተቆረጠው ፀጉር ጋር ይጠረጋል" ይሉ ነበር እማማ ወርቅዬ፣ መጥረጊያቸውን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው።

በ1969 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ደብዳቤ መጣ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ቤት አይኑረው ከተባለ ዓመት አልፎታል። እትዬ ኣብርሀት ግን አንዱን ቤት በእህታቸው፣ አንዱን በአክስታቸው ልጅ ስም አዙረው ከርመው ነበር። አሁን ተደረሰባቸው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንዱን መርጠው ሁለቱን ይዝጉ ተባሉ።

የቦሌዎቹን ሰብስበው ነገሯቸው። ቁመታቸው አጠር፣ ወርቃቸው በዛ ያለ ሴት ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ወርቁ አልነበረም።

"ሦስት ወልደሽ ሁለቱን ቅበሪ ተባልኩ፣ ልጆቼ።"

"የትኛውን ነው የሚያተርፉት?" አለች ፈለቀች። ሁለት ልጆች አሏት፤ ባሏ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

"የሞላውን። በሕማማት ሳምንት እየዞርኩ አያለሁ። ለፋሲካ ሴት የተሰለፈበት ቤት ይቀራል።" ከዚያ ጨመሩ። "ልቤ ግን ወደ ፒያሳ ነው የሚለኝ። ፒያሳ ሰው አይታጣም።"

እሳቸው ወጡ። ሌላ ቤት ሄዶ መቀጠር የሚባል ነገር አልነበረም። ፀጉር ማስተኛት የከበርቴ ጌጥ ነው ተብሎ ከኡራኤል እስከ ኦሎምፒያ ያሉት ፀጉር ቤቶች አንድ ባንድ በራቸውን ዘግተዋል። የሻሽወርቅ ኮተቤ ላይ ዓይናቸው የጠፋ እናትና ሁለት ተማሪ ወንድሞች አሏት። ሦስቱም የሚበሉት ከዚያች ካውያ ጫፍ ነው። ካውያዋ ከበረደች ቤቱ ይበርዳል።

የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ጾሙ ከገባ በኋላ፣ እትዬ ኣብርሀት ሳይታሰቡ ብቅ አሉ። የመጡበት ቀን ክፉ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ወይዘሮ አለም ከሚባሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሚስት በቀር ደንበኛ የለም። እሳቸውም ፀጉራቸውን በቢጎዲን ተጠቅልለው፣ ዝም ያለውን ካስክ ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

እትዬ ኣብርሀት ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። "ሰው የለም።"

"ጾም ስለገባ ነው፣ እትዬ" አለች ፈለቀች።

"ፒያሳም ጾም ነው። እዚያ ቆመው ነው የሚጠብቁት።"

የሻሽወርቅ ምላስ ቀደማት። አስባበት አልነበረም። ካውያ ጆሮ አጠገብ ሲደርስ እንደምታደርገው ነው ያደረገችው።

"ትናንት መጥተው ቢሆን ማንን ያዩ ነበር መሰልዎት።"

"ማንን?"

"የሻምበሉን ባለቤት።"

"የየትኛው ሻምበል?"

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እሷ ግን አላቆመችም። "የሻምበል ተክለብርሃን ነዋ" አለች። ተክለብርሃን ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጥላት ሰውዬ ስም ነበር። "አያውቋቸውም? ከላይኛዎቹ እኮ ናቸው። ቤተ መንግሥት ሲገቡ በረኛው ስማቸውን አይጠይቅም፤ የራሱን ስም ነው የሚነግራቸው። ባለቤታቸው ከየሻሽወርቅ እጅ ሌላ ፀጉሬን አላስነካም ብለዋል። ይህ ቤት ቢዘጋ ደግሞ…"

"ቢዘጋ ምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ቁጡ ሴት ናቸው።"

የእትዬ ኣብርሀት ፊት ተለወጠ። ፍርሃትም ይሁን ተስፋ ከዚያ ርቀት አይለይም። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኝ ነው።"

ይኼኔ ወይዘሮ አለም ካስኩን ከራሳቸው ላይ ገፍተው ተነሡ። ቢጎዲኑን ራሳቸው እየነቀሉ ፈለቀች እጅ ላይ አስቀመጡ። ፀጉራቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

"መብራቱ እስኪመጣ ይታገሡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል" አለች ፈለቀች።

"ምንም አልሰማሁም" አሉ ወይዘሮ አለም፣ እርጥብ ፀጉራቸውን በሻሽ እያሰሩ። ማንም ሰሙ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም ነበር። ወጡ።

እትዬ ኣብርሀትም ከሄዱ በኋላ አምስቱ ሳቁ። ጋሽ ገብረየስ ከደጅ ገብተው ሳቁ። ሸሪፋ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "አንቺ ቀጣፊ፣ ልጆችስ አሏቸው?"

"ሦስት። ትንሹ ኩፍኝ ይዞታል።"

"ውይ፣ እግዜር ይማረው።"

"ሻምበል ሽንኩርት" አለች ፈለቀች፣ እንባዋን እየጠረገች። "ሲቆጣ ነው ሰው የሚያስለቅሰው ወይስ ሲከተፍ?"

እንደዚያ የሳቁበት ቀን ከዚያ በኋላ አልመጣም። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወይዘሮ አለም እዚያው ካስክ ሥር ሆነው፣ ታናሽ ወንድማቸው ደብረ ብርሃን አክስታቸው ዘንድ እንደተደበቀ ለቦሌ መንገድ ሁሉ ጮኸው እንደነበር የሻሽወርቅን ያስታወሷት እማማ ወርቅዬ ናቸው። ያስታወሷትም በሦስተኛው ቀን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የሻምበሉ ሚስት ወሬ ያኔ ሦስት ሰፈር ተሻግሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሴቶች መጡ። አራቱም እንደ ቤተ ክርስቲያን ደንበኛ ሰላም ብለው ተቀመጡ። ዝም። የሻሽወርቅ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእማማ ወርቅዬ ውሃ ሲፈላ ሰማች። አንደኛዋ ካስክ ውስጥ ስትገባ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ነከሰች፤ እስክትደርቅ አልተፋችውም። ሁለተኛዋ የነካሿን ዓይን ስታይ፣ "ለእኔ ካስኩ ይቅርብኝ" አለች።

"ውሃ ያንጠባጥባል እኮ፣ እቴ።"

"ፀሐይ ያደርቀዋል።"

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቦሌ መንገድ ላይ ዝናብ ሳይዘንብ የበሰበሱ ሴቶች ታዩ። ከሐር በር ይወጣሉ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያስራሉ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ አብዮት አደባባይ አቅጣጫ ይፈጥናሉ። ግማሹን ጉንፋን ያዘው። ጉንፋን የያዘው አልተመለሰም፤ ጉንፋን ያልያዘውም አልተመለሰም።

የሻሽወርቅ የምታውቀውን መድኃኒት ሞከረች። ወንበሯ ላይ ለተቀመጠችው ሴት ያንን የተገለበጠ አውሮፕላን አወራቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

"እኔ ስለ መንግሥት አውሮፕላን ምንም አልተናገርኩም" አለች።

"ጨዋታ እኮ ነው።"

"ይሁን። እኔ ግን አልተናገርኩም።"

ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ተሰቅሏል። ካውያው አንሸራተተና ነካት። ጭስ ወጣ፤ የሥጋ ሽታ መጣ። የመጀመሪያዋ የተቃጠለች ጆሮ ይህች ናት። የሻሽወርቅ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሴትዮዋ ግን ብድግ ብላ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ፣ ጎንበስ እያለች፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ነኝ የተንቀሳቀስኩት" አለቻት። የተቃጠለችው ይቅርታ ጠየቀች። የሻሽወርቅ ያን ዕለት እህል አልበላችም።

ሻምበሉ ግን እየበላ ነበር። በየሳምንቱ ይወፍራል። ጋሽ ገብረየስ ከሌሎች ዘበኞች የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ።

"ኦሎምፒያ ያለው ዘበኛ ትናንት በዓይኔ አየኋቸው አለኝ። ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ።"

"ጋሽ ገብረየስ፣ ሰውዬው እኮ የለም።"

"የለም፤ እሱን መች አጣሁት። ጠባሳው ግን በቀኝ በኩል ነው።"

የቀበሌው ሊቀመንበርም በስብሰባ ላይ፣ እኔና ጓድ ሻምበል ተክለብርሃን ለገና አብረን ጥሬ ሥጋ ቆርጠናል ብሎ ተናገረ። ምን ያድርግ፤ አላውቃቸውም ብሎ ከሚገኝ በልቻለሁ ብሎ ቢገኝ ይሻለዋል። ሸሪፋ ከገበያ ተመልሳ፣ "ትንሹ ልጃቸው ከኩፍኙ ድኗል ይላሉ" አለች። ይህን ለሳቅ ነበር ያለችው። ሲሰማ ግን አላሳቀም። ኩፍኙን ከአምስቱ በቀር ማንም አያውቅም ነበርና ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀን በኋላ የሻሽወርቅ ራሷ በሐሳቧ ሰውዬውን "እሱ" ማለት ተወች፤ ሳታውቀው "እሳቸው" ሆኑ።

የደብረ ዘይት ሰንበት ማግስት፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ባዶው ቤት ውስጥ መከሩ።

"ግደዪው" አለች ሸሪፋ።

"ሻምበል ልግደል?"

"የወለድሽው አንቺ አይደለሽ?"

እማማ ወርቅዬ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት። "የአብዮት መኮንን ሞተ ብላችሁ ልታስወሩ ነው? እሱ አይሞትም፣ የምትሞቱት እናንተ ናችሁ።"

"እንግዲያው ይዝመቱ" አለች ፈለቀች። "ወደ ሰሜን ላኪያቸው።"

የሻሽወርቅ ላከቻቸው። ለቀረችው አንዲት ደንበኛ፣ ጥፍሯን ልትቆረጥ ለመጣች የባንክ ሠራተኛ፣ ሻምበሉ ወደ ሰሜን እንደዘመቱ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችላት። ሠራተኛዋ የአንዱ እጇ ጥፍር ተቆርጦ የሌላው ሳይቆረጥ ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። በነጋታው የተመለሰው ወሬ ይህ ነበር፦ ባላቸው ከዘመቱ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ሐር ቤት ነው የሚውሉት፤ ሰው እንዳይደርስ።

ማንም አልደረሰም።

ሕማማት ገባ። ፀጉር ቤት ዓመቱን የሚኖረው በዚያ ሳምንት ነው። ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ቅዳም ሥዑር ሴት በሴት ላይ ይደራረባል፤ ቦታ የያዘች ለእህቷ ትለምናለች፤ ምሳ ቆሞ ይበላል። እትዬ ኣብርሀት ሐሙስ ጠዋት መጥተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሐሙስ አንዲት ሴት አልመጣችም። ዓርብ ስግደት ነው። ቅዳሜ አምስቱም ንጹሕ ጋዋን ለብሰው፣ ካውያውን አግለው፣ ውሃውን አፍልተው፣ በሩ ላይ አፍጥጠው ዋሉ። በመንገዱ ማዶ ሴቶች በሰልፍ ያልፋሉ፤ ሐር ቤት ፊት ለፊት ሲደርሱ እንደ መቃብር ቦታ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከቀትር በኋላ አንዲት አሮጊት ገቡ። ፈለቀች ወንበር ስባ ተቀበለቻቸው። አሮጊቷ የኡራኤልን መንገድ ሊጠይቁ ነበር።

አሮጊቷ ሲወጡ የሻሽወርቅ፣ ያን ዕለትም መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት እትዬ ኣብርሀት ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ንገሪኝ።"

"ሻምበሉ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ቤቱን እንዳይዘጉት ብዬ። ስሙን ሾላ ገበያ ከሚሸጥ ባለ ሽንኩርት ነው የወሰድኩት። ሚስትም የለችም። እዚህ ቤት ወሬ የሚያደርስ ሰው የለም። ቢፈልጉ ወጥቼ መንገድ ላይ ልናገር።"

እትዬ ኣብርሀት ዘወር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ሻምበሉ የለም በያት እንዳሉሽ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም፣ ሁሉም ለነፍሱ ነው።"

"ማን አለኝ? ማንም አላለኝም።"

"የቀበሌው ሊቀመንበር አብሬ በላሁ ይላል። የኦሎምፒያ ዘበኛ አየሁ ይላል። ጠባሳቸውን እንኳ ልጅ አዋቂው ያውቃል። አንቺ ብቻ ባለ ሽንኩርት ናቸው ትይኛለሽ። ማንን ልመን?"

"እኔን።"

"አንቺን?" አሉ እትዬ ኣብርሀት። ሊስቁ ፈልገው ከንፈራቸው እምቢ አላቸው። "ጅብ ፀጉር ሊሠራ መጣ ያልሽኝን?"

የሻሽወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዳያምናት እየተጠነቀቀች ነበር የኖረችው፤ የጨዋታው ጣዕም እሱ ነበርና። እውነትን የምታወራበት አፍ ሳታስቀምጥ ቀርታለች።

ዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሜክሲኮና ቦሌ እንዲዘጉ ተወሰነ። እትዬ ኣብርሀት ለአራቱ የወሩን ደመወዝ ሰጥተው አሰናበቱ። "የሻሽወርቅ ግን ፒያሳ ትመጣለች" አሉ፣ ወለሉን እያዩ።

"በእኔ ፋንታ ፈለቀችን ይውሰዷት" አለች የሻሽወርቅ። "ልጆች አሏት። እጇም ከእኔ ይሻላል።"

"አንቺን አሰናብቼ ፈለቀችን ልያዝ? ለእኔ አታስቢልኝም? እኔም እናት ነኝ።"

እምቢ ማለት ነበረባት። ኮተቤ ያሉት ሦስት ጉሮሮዎች ግን እምቢታ አይበሉም። ዝም አለች። ያ ዝምታ እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ዕቃ ሲሰበሰብ ሸሪፋ የጥፍር መቁረጫዎቿን በመሐረብ ቋጠረች። ቡታጅራ እናቷ ዘንድ የምትልከው ነገር ነበራት፤ ከእንግዲህ ምን እንደምትልክ አልተናገረችም። እማማ ወርቅዬ የማንም ፀጉር ያልወደቀበትን ወለል ጠረጉ። ጋሽ ገብረየስ የሻሽወርቅ በበሩ ስታልፍ ቀጥ ብለው ቆመው የወታደር ሰላምታ ሰጧት። ቀልድ መስሏት ፊታቸውን አየች። ቀልድ አልነበረም።

"ፈለቀች" አለች የሻሽወርቅ፣ ክንዷን ይዛ። "ቅር አይበልሽ። በኋላ አንድ ነገር እናደርጋለን።"

ፈለቀች ክንዷን በቀስታ አላቀቀች። "ምንም ቅር አይለኝም። እርስዎ እንኳን ተረፉ።"

"እርስዎ? ማንን ነው እርስዎ የምትይው?"

"ካጠፋሁ ይቅርታ።"

"ፈለቀች፣ አንቺ ፊት ነው የፈጠርኩት። አብረን አይደለም የሳቅነው? ሻምበል ሽንኩርት ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

የፈለቀች ፊት አመድ መሰለ። "እኔ እንዲህ አላልኩም" አለች። "ገበያው ልጁ ከኩፍኝ መዳኑን ከየት ሰማው? ደግሞ አምስት ሆነን አንድ ሰው ብቻ ሲተርፍ… ውሸት ነው ያሉን ነው ውሸቱ። ስለ ሽንኩርቱ እባክዎን አይንገሩብኝ፣ ልጆች አሉኝ።"

ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች። ወደ አውቶቡሱ እስክትደርስ ዞር ብላ አላየችም።

ፒያሳ ያለው ሐር ቤት በዚያ ሰኞ እንደ ገበያ ይንጫጫ ነበር። ስድስት ሴቶች ቆመው ይጠብቃሉ፤ ካስኮቹ ያጓራሉ፤ ካስክ ሥር ያለችው አንዷ የባሏን እናት ምግብ አበሳሰል ለአራዳ ሁሉ ታሰማለች። የሻሽወርቅ ካውያዋን ይዛ በሩን ከፈተች። ጫጫታው በመቀስ እንደተቆረጠ ወደቀ። ካስክ ሥር ያለችው ብቻ፣ ስለማትሰማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ጮኸች፤ አንዷ ጉልበቷን ነካችላት፤ ዓይኗን ገልጣ ዝም አለች።

በደግነት ተቀበሏት። መስኮት አጠገብ ያለውን ምርጥ ወንበር ለቀቁላት። ማንም ደንበኛ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ፒያሳ ላይም እርጥብ ሴቶች ታዩ። ወር ሳይሞላ እርጥቦቹም ጠፉ። የሻሽወርቅ ልልቀቅ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። እትዬ ኣብርሀት ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን እያርገበገቡ፣ "አስከፋሁሽ? ማን ተናገረሽ?" አሏት። የፒያሳዎቹ አምስት ሠራተኞች ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ በየቀኑ የሚያዩት እሷን ነው፤ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሯትም። አንዷ ተነሥታ ብትሰድባት የሻሽወርቅ እግሯን በሳመች ነበር።

ሰኔ ላይ እትዬ ኣብርሀት የንግድ ፈቃዳቸውን መለሱ። የመጨረሻው ሐር ቤት ተዘጋ። በሩን በገዛ እጃቸው ቆልፈው ቁልፉን ለቀበሌ ሲያስረክቡ የሻሽወርቅን ገለል አደረጓት።

"በሰላም ነው የለቀቅሁት በያቸው። ቅሬታ የለባትም በይልኝ።"

የሻሽወርቅ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። "እሺ" አለች።

ካውያዋን ይዛ ሾላ ገበያ ወረደች። በአደባባይ ፀጉር የምታስተኛ ሴት አላገኘችም። ወንድሞቿ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይመዘገቡ ተነጋግረው ሳይነግሯት ጨርሰዋል። እናቷ የሻይ ስኳር ሲጠይቁ ትሰጣቸው የነበረው መልስ እያጠረ ሄዶ፣ መጠየቁን ተዉት።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ኮተቤን ጭቃ አድርጎት ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። አራት ሰዎች ነበሩ። ፈለቀች ከፊት፣ ሸሪፋና እማማ ወርቅዬ ከኋላ፣ ጋሽ ገብረየስ ጃንጥላ ይዘው። ፈለቀች ከስታለች። ከጡቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ቀበሌ በር ላይ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ የጻፈላቸው ማመልከቻ ነው፤ ጽሑፉ ያምራል። "ለጓድ ሻምበል ተክለብርሃን" ይላል። የቦሌው ቤት ተቆልፎ ተቀምጧል፤ በማኅበር ተደራጅተን እንድንሠራበት ቀበሌው እንዲፈቅድልን ጓድ ሻምበል አንድ ቃል ይናገሩልን ይላል። ከሥሩ አራት ስም አለ። ከሁለቱ ስም አጠገብ ያለው ፊርማ የጣት አሻራ ነው።

"ሻለቃ ሆነዋል ነው የሚባለው" አሉ ጋሽ ገብረየስ። "ጸሐፊውን አስተካክል ብንለው ተጨማሪ ክፈሉ አለን።"

"ሰውዬው የለም" አለች የሻሽወርቅ። "በእናቴ ዓይን ይሁንብኝ። የለም።"

ፈለቀች ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሸሪፋ ልታነሣት ሞክራ፣ አቅቷት፣ አጠገቧ ተንበረከከች።

"የለም አይበሉን" አለች ፈለቀች። "ዳቦ ቤቱ ሥራ የለም አለን። ልብስ ስፌቱ የለም አለን። ቀበሌው የለም አለን። የቀሩን እሳቸው ናቸው።"

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይንጠባጠባል። ከውስጥ የሻሽወርቅ እናት፣ "ማን ነው የመጣው?" እያሉ ይጣራሉ። የሻሽወርቅ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አነበበች። እንደገና አነበበች። የማኅበሩን ዓላማ፣ የካስኮቹን ብዛት፣ ሰፊው ሕዝብ ከፀጉር ሥራ የሚያገኘውን ጥቅም ሁሉ ጸሐፊው አሳምሮ አስገብቶታል። ሳታስበው፣ ከልቧ፣ ይሳካ ይሆን ብላ አሰበች።

"እስክሪብቶ ይዛችኋል?" አለች።

ጋሽ ገብረየስ ከኮታቸው ኪስ አወጡላት። የሻሽወርቅ ወረቀቱን በበሩ መቃን ላይ ደግፋ፣ ከአራቱ ስም ሥር አምስተኛውን፣ የራሷን፣ ጻፈች። ከስሟ ትይዩ፣ ሥራ በሚለው ረድፍ፣ አራቱ እንደሞሉት፣ ሥራ ፈት ብላ ሞላች።